ላብ ካላበው በኋላ

ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በወደቁበት በ1860 ዓ.ም. ላይፕሲግ በምትባል የጀርመን ከተማ አንድ መጽሐፍ ታተመ። ጸሐፊው ካርል ቩንደርሊሽ የተባለ ሐኪም ነው። እሱና ረዳቶቹ ለዓመታት ወደ 25 ሺህ የሚጠጉ ሕሙማን አልጋ ዳር እየቆሙ የሰውነታቸውን ሙቀት ለክተዋል። የለኩትን ቁጥር ወረቀት ላይ በነጥብ አስቀመጡ፤ ነጥቦቹንም በመስመር አያያዙ። እስከዚያ ዘመን ድረስ ትኩሳት ራሱን የቻለ በሽታ ይመስል ነበር። መስመሩ ሲዘረጋ ግን ትኩሳት የበሽታው ቋንቋ መሆኑ ታየ። አንዱ በሽታ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ሌላው በአንድ ሌሊት ዘሎ በማግስቱ ይወርዳል፤ ሌላው ደግሞ ቀን ቆጥሮ ይመለሳል። ዛሬ በየሆስፒታላችን ከበሽተኛው ካርድ ጋር የሚያያዘው የትኩሳት ሠንጠረዥ ዘሩ የሚመዘዘው ከዚያ ነው።

ከመጽሐፉ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ከክሪሚያ ጦርነት የተመለሰችው እንግሊዛዊቷ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ስለ ነርስነት በጻፈችው መጽሐፍ ውስጥ በሽተኛን ስለ መመልከት አንድ ሙሉ ምዕራፍ መድባ ነበር። ከነርስ ሥራ ሁሉ ትልቁ ማየት ነው፤ ያዩትን ለይቶ መናገር ደግሞ የማየት ግማሽ ነው። ከዚህ በታች የምተርከው ይህ ትምህርት ከሩቅ አገር ተነሥቶ እስከ ድሬዳዋና እስከ ሁርሶ ድረስ የመጣበትን መንገድ ነው። መንገዱ ረጅም ነበር፤ ገና አላለቀም።

ባቡሩና ንዳዱ

በ1888 ዓ.ም. ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን ወደ አገራችን መጥቶ ቁስለኞችን አከመ። አዲስ አበባ ላይ የጀመረው ሥራም ለአገሪቱ ዘመናዊ ሆስፒታል መሠረት ሆነ። ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ በ1895 ዓ.ም.፣ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባቱ ስለ ከበደው ከተራራው ግርጌ ሜዳው ላይ ቆመ። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ያኔ ነው። ሐዲዱ ከዓመታት በኋላ ወደ ምዕራብ ሲቀጥል በቆላው በኩል አለፈ። ሁርሶ ከድሬዳዋ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባ ለሚጓዝ መንገደኛ ከመጀመሪያዎቹ ስፍራዎች አንዷ ሆነች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው።

የደጋ ሰው ቆላን የሚፈራው በሙቀቱ ብቻ አልነበረም፤ ንዳዱንም ይፈራ ነበር። ዛሬ ወባ የምንለውን አባቶች ንዳድ ይሉት ነበር፤ ሰውን እንደ እሳት የሚያነድ ማለት ነው። ንዳድ የያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ይግላል፣ ከዚያ ላብ ያጠምቀዋል። ላቡ ሲወጣ አስታማሚው እፎይ ይላል። «አላበው፣ ተሻለው» የሚለው ንግግር ከየቤቱ የተወለደው ከዚህ ልምድ ነው። ልምዱ ሐሰት አይደለም፤ በብዙ በሽታ ላይ እውነት ነው። እውነት ስለሆነም ያዘናጋል። በኋላ ድሬዳዋ ላይ ይህን የሚፈትን በሽታ ይመጣል።

በ1898 ዓ.ም. ኒኮላይ ኮሮትኮቭ የተባለ ሩሲያዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ክንድ ላይ በሚጠመጠም ማሰሪያና በጆሮ በሚደመጥ ድምፅ የደም ግፊትን ላይኛና ታችኛ ቁጥር የመለካት ዘዴ አቀረበ። ዛሬም ነርሶች ክንድ አስረው፣ አየር ነፍተው፣ ጆሯቸውን ሰጥተው የሚያዳምጡት ያንኑ ድምፅ ነው። በዚህ ዓይነት በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የበሽተኛን ሁኔታ የሚናገሩት ቁጥሮች አብዛኞቹ ተገኝተው ነበር፤ ሙቀት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ የደም ግፊት። የቀረው የሚቆጥር ሰው ነው።

ልዕልቲቱ ነርስ

በአገራችን የነርስነት ታሪክ ውስጥ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ሳይነሡ አይታለፍም። ፋሺስት ኢጣሊያ አገሪቱን ወርሮ ንጉሣዊው ቤተሰብ እንግሊዝ አገር በስደት ሳለ ልዕልቲቱ ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ነርስነት ተማሩ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሆነው እንደ ማንኛዋም ተማሪ በፈረቃ ሠርተው የተመሠከረላቸው የሕፃናት ነርስ ሆኑ፤ ትምህርታቸውንም ጋይስ በተባለው ሆስፒታል ቀጠሉ። ነፃነት ሲመለስ ወደ አገራቸው ገቡ። ከባለቤታቸው ከዐቢይ አበበ ጋር ወለጋ ሳሉ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ በወሊድ ምክንያት አረፉ። ዕድሜያቸው 22 ነበር።

ይህን ሞት ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። የበሽተኛን ምልክት ማንበብ ከተማሩ ጥቂት ኢትዮጵያውያን አንዷ ራሳቸው በሽተኛ ሲሆኑ ከዋና ከተማው ሩቅ ነበሩ። ወላድን የሚገድለው ነገር ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይሮጣል፤ ደም ይፈስሳል፣ ምት ይፈጥናል፣ ፊት ይገረጣል። ያን የሚያይና የሚያስቆም ሰው በቅርብ ከሌለ ዕውቀት ብቻውን አያድንም፤ ማዕረግም አያድንም። በስማቸው አዲስ አበባ ላይ የተሠራው የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በ1940ዎቹ ተከፈተ። ያ ሆስፒታል ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ነው።

በዚያው በ1940ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት ሥራ ጀመረ። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተመሥርቶ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ያዘ። ሕዝቡም ሴቷን ነርስ «ሲስተር» እያለ መጥራት ለመደ። ዛሬም ሲስተር የሚለው ጥሪ በየሆስፒታሉ ኮሪደር ከሌላው ቃል ሁሉ በላይ ይሰማል።

አዲሶቹ ተመራቂዎች ብዙ ሳይቆዩ ከባድ ፈተና ደረሰባቸው። ከ1950 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ድረስ ወባ ከቆላው አልፎ ወደ ደጋው ወጣ። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ 150 ሺህ ያህሉ ሞተ። ንዳድን የማያውቀው የደጋ ሰው የመከላከል ኃይል አልነበረውም። በሽታው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶ የሚቃዠውን፣ የሚንፈራገጠውንና ነፍሱን የሚስተውን በጊዜ ለይቶ ወደ ሕክምና የሚያደርስ ሰው ከሕሙማኑ ብዛት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነበር።

ዝም ያለው ቁስለኛ

በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ ደጃፍ ደርሶ ከተማይቱ በውጊያ ተናጠች። ከተማይቱ ሳትያዝ ቀረች። የጦር ሜዳ ሕክምና በየአገሩ አንድ ትልቅ ትምህርት አስተምሯል፤ ከሚጮኸው ቁስለኛ በፊት ዝም ያለውን እይ። የሚጮኸው የሚተነፍስና ደም ወደ አእምሮው የሚደርስለት ነው። ጥግ ይዞ ዓይኑን የከደነው፣ «ደህና ነኝ» እያለ ድምፁ የሚሰልለው ግን ጊዜ የለውም።

ሁርሶ ዛሬ ይበልጥ የምትታወቀው በወታደራዊ ማሠልጠኛዋ ነው። ለሰላም ማስከበር የሚዘምቱ የሠራዊት አባላት የሚዘጋጁባት ስፍራ ናት። በእንዲህ ያለ ቆላ ፀሐይ ሥር ጓዙን ተሸክሞ የሚሮጥ ወጣት በሙቀት ሲመታ መጀመሪያ የሚያውቀው ሐኪም አይደለም፤ አጠገቡ የሚሮጠው ጓደኛው ነው። እግሩ ይወላገዳል፣ ንግግሩ ይምታታል፣ የተጠየቀውን ትቶ ሌላ ይመልሳል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ አንጎል ሲግል የሚታይ ምልክት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው መኪና ላይ ከመጫን በፊት ልብሱን አውልቆ፣ ውሃ አርከፍክፎ፣ አራግቦ ማቀዝቀዝ ይቀድማል። ከሁርሶ እስከ ድሬዳዋ ሆስፒታል ያለው መንገድ በመኪና አጭር ነው፤ እየጋለ ላለ አንጎል ግን ረጅም ነው።

ስምንት ሰዓት

እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ ማያሚ ከተማ ተመራማሪዎች በሆስፒታል ተኝተው ሳለ ልባቸው በድንገት የቆመ 64 ሕሙማንን ካርድ መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። ነገሩ ድንገተኛ አልነበረም። ከሕሙማኑ 84 በመቶ በሚሆኑት ላይ ልባቸው ከመቆሙ በፊት በነበሩት ስምንት ሰዓታት ውስጥ ሁኔታቸው እየከፋ መሄዱ በካርዳቸው ላይ ሰፍሮ ተገኘ። ትንፋሻቸው ፈጥኖ ነበር፤ አእምሯቸው ተለውጦ ነበር። አንድ ሰው አይቷል፤ ጽፎታልም። ከዚያ በኋላ ግን የሆነ ነገር የለም።

እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ከባዱ ነገር ይህ ይመስለኛል። ሕሙማኑ ያለቁት ምልክት ጠፍቶ አይደለም፤ ምልክቱ በወረቀት ላይ ተጽፎ ወደ ሰው ጆሮ ሳይደርስ በመቅረቱ ነው።

በዚያው ዓመት አውስትራሊያ ሲድኒ የሚገኘው የሊቨርፑል ሆስፒታል ኬን ሂልማን በተባሉት ሐኪም መሪነት አዲስ ሥርዓት ዘረጋ። የበሽተኛው ትንፋሽ፣ ምት ወይም የደም ግፊት ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ማንኛዋም ነርስ የማንንም ፈቃድ ሳትጠብቅ የድንገተኛ ቡድን ትጠራለች። ከመጥሪያ ምክንያቶቹ አንዱ ቁጥር የለውም፤ «ይህ በሽተኛ አሳስቦኛል» የሚል ነው። የነርስ ስጋት ብቻውን ሐኪም ከመኝታው የሚያስነሣ በቂ ምክንያት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ እንግሊዝ አገር በሚገኘው የጄምስ ፓጄት ሆስፒታል የማስጠንቀቂያ ነጥብ የሚባለው ዘዴ ወጣ። እያንዳንዱ ልኬት ከጤናማው በራቀ ቁጥር ነጥብ ይሰጠዋል፤ ነጥቦቹ ተደምረው ከልክ ሲያልፉ ሐኪም ይጠራል።

ሥርዓቱ ግን ተአምር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2005 የ23 የአውስትራሊያ ሆስፒታሎች ጥናት ሲታተም የድንገተኛ ቡድን ባላቸውና በሌላቸው ሆስፒታሎች መካከል የጎላ ልዩነት አልታየም። ምክንያቱን የመረመሩ ሰዎች ምልክቱ ታይቶ ሳለ ቡድኑ ያልተጠራላቸው ሕሙማን ብዙ መሆናቸውን አገኙ። ልማድ ደንብ በማውጣት ብቻ አይሰበርም። ታናሽ ታላቁን ለመጥራት ይፈራል፤ ሌሊት ሰው መቀስቀስ ነውር ይመስላል፤ «እስኪነጋ እንይ» ይባላል።

የደቻቱ ሌሊት

«እስኪነጋ እንይ» ምን እንደሚያስከፍል ድሬዳዋ ከማንም በላይ ታውቃለች። ከተማይቱን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ግን በሐረርጌ ደጋ የጣለው ዝናብ ተጠራቅሞ ወረደ። ከተማው ተኝቶ ነበር። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆኑ። ዝናቡ የጣለው ሩቅ ነው፤ ጎርፉ የመታው እዚህ ነው። በሁለቱ መካከል ሰዓታት ነበሩ፤ የተኛውን የሚቀሰቅስ ድምፅ ግን አልነበረም።

የሰው አካልም እንዲሁ ነው። ከላይ ይዘንባል፣ ከታች አሸዋው ደረቅ ይመስላል። ምት ሲፈጥን፣ ትንፋሽ ሲጨምር፣ እጅና እግር ሲቀዘቅዝ ደጋው ላይ እየዘነበ ነው። የደም ግፊት የሚወርደው ጎርፉ ከተማው ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ «ግፊቱ ደህና ነው» ብሎ የሚተኛ ተረኛ የአሸዋውን ድርቀት አይቶ እንደ ተኛ ሰው ነው።

ምላሹም ቢሆን ዕውቀት ይሻል። እ.ኤ.አ. በ2011 በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ 3,141 በትኩሳት ክፉኛ የታመሙ ሕፃናትን የያዘ ጥናት ወጣ። የደም ዝውውራቸው ለደከመው ሕፃናት በደም ሥር በፍጥነት ብዙ ፈሳሽ መስጠት ያድናል ተብሎ ሲታመን፣ ፈሳሹን በፍጥነት ያገኙት ልጆች ካላገኙት ይበልጥ ሞቱ። ሕዝባችን «ግሉኮስ ይሰቀልለት» ሲል የሚያየው ተስፋን ነው። ግን ለማን፣ ስንት፣ በስንት ሰዓት የሚለው ካልተለካ፣ ከሰጡም በኋላ በየሰዓቱ ተመልሰው ካላዩት፣ ተስፋው ራሱ ያሰምጣል።

አምስተኛው ቀን

በ2006 ዓ.ም. መባቻ ድሬዳዋ ውስጥ እንግዳ ትኩሳት ተነሣ። ራስ ይፈልጣል፣ ከዓይን ጀርባ ያማል፣ አጥንት ይሰብራል። ወባ ይሆናል ተብሎ ደም ሲመረመር ወባ የለም። በኋላ ደንጌ መሆኑ ተረጋገጠ፤ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበ የደንጌ ወረርሽኝ ነበር። ከ11 ሺህ በላይ ሰው ታመመ። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ ቀን የምትነድፍ ናት። የምትራባውም ውሃ በሚጠራቀምበት በርሜልና በተጣለ ጎማ ውስጥ ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሞቃት ከተማ በርሜል ሳይሞላ አይኖርም።

አብዛኛው የደንጌ ሕመምተኛ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይድናል። ጥቂቱን የሚገድልበት መንገድ ግን ልዩ ነው። አደጋው የሚጀምረው ትኩሳቱ ሲወርድ፣ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። የደም ሥር ግድግዳ ይሳሳና ውሃው ከደም ሥር ወደ ሆድና ወደ ሳንባ ዙሪያ ይሾልካል። ይህ ወሳኝ ጊዜ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ የማስጠንቀቂያ ምልክቶቹን ዘርዝሯል፤ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት፣ መፍዘዝ ወይም መቁነጥነጥ።

አንዲቱን ሌሊት በዓይነ ልቦና እንያት። በሽተኛው ከሁርሶ በኩል የመጣ የሃያ ዓመት ወጣት ነው እንበል። ሲታመም አምስተኛ ቀኑ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ላብ በላብ ሆነ። እናቱ በነጠላዋ ግንባሩን እየጠረገች ነርሷን ጠራቻት።

«ሲስተር፣ ተመስገን ነው! አላበው እኮ። አሁን ይተኛ፣ አትቀስቅሺው።»

ነርሷ ቴርሞሜትሩን አየች፤ 37.2። ቁጥሩ እናትየዋን ይደግፋል። ነርሷ ግን እጇን ከግንባሩ ወደ እግሩ አወረደች፤ እግሩ እንደ ብረት ቀዝቅዟል። የጣቱን ጥፍር ተጭና ለቀቀች፤ ደሙ ቶሎ አልተመለሰም። የእጁን ምት በሰዓቷ ቆጠረች፤ 124። ትንፋሹን ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች፤ 28። የደም ግፊቱን ለካች፤ 100 በ85። የላይኛው ቁጥር ብቻ ቢታይ ደህና ነው ያሰኛል። ግን በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት 15 ብቻ ሆኗል፤ በደንጌ ልዩነቱ ከ20 ሲያንስ ደም ሥሩ ባዶ እየሆነ ነው ማለት ነው።

«እማማ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ሽንት ያልሸናው?»

«ኧረ እኔ እንጃ ልጄ፤ ከቀትር ወዲህ አላየሁም። አመሻሽ ላይም ሆዴን ሆዴን ሲል ነበር።»

ነርሷ ስልኳን አነሣች። «ዶክተር፣ አልጋ 7 ነው። ደንጌ የተጠረጠረው ልጅ፣ አምስተኛ ቀኑ ነው። ትኩሳቱ ወርዷል፣ ግን እግሩ ቀዝቅዟል። ምቱ 124፣ ትንፋሹ 28፣ ቢፒው 100 በ85። ከቀትር ጀምሮ ሽንት የለም፣ ሆዱን ያመዋል። ሁኔታው እየከፋ ነው፤ አሁን ይምጡና ይዩት።»

ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ንግግር ነው። ማን እንደሆነ፣ ምን እንደታየ፣ ምን እንደምትፈራ፣ ምን እንደምትፈልግ ተነገረ። ፈሳሹ በኪሎው ልክ ተለክቶ ይሰጠዋል፤ በየሰዓቱ እየታየ ይጨመራል ወይም ይቀነሳል። ልጁን ያተረፈው ውድ መሣሪያ አይደለም። ነርሷ ግንባሩን ትታ እግሩን መንካቷ፣ እናትየዋን መጠየቋ፣ ሐኪሙንም ለመቀስቀስ አለመፍራቷ ነው።

ከዚያ ወዲህ

በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉንያ ድሬዳዋን መታ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው መገጣጠሚያው ተሳስሮ ተኛ። ክፍሎች ሲሞሉ የነርስ ዓይን በብዙ አልጋ ላይ ይከፋፈላል። ያኔ የነጥብ ሠንጠረዥ ጥቅሙ ይታያል፤ ከመቶ ሕሙማን መካከል ዛሬ ሌሊት ማንን ደጋግሜ ልይ ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮቪድ በኢትዮጵያ መገኘቱ ተነገረ። በሽታው እየተጫወቱና ስልክ እያወሩ ኦክስጅናቸው የወረደባቸውን ሕሙማን አሳየን። ጣት ላይ የምትሰካዋ የኦክስጅን መለኪያ ትልቅ ረዳት ሆነች። ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት መለኪያዋ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ኦክስጅኑን ከእውነተኛው ከፍ አድርጋ የማሳየት ዕድሏ ከነጮቹ ጋር ሲነጻጸር ሦስት እጥፍ ያህል መሆኑን አመለከተ። ይህ ነገር እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። መሣሪያው 94 ሲል በሽተኛው ግን ትከሻውን እያነሣ የሚተነፍስ ከሆነ ትከሻውን እመኑ።

በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወባ ራሱ መልኩን ለውጦ መጣ። በኢትዮጵያ መጀመሪያ ቀብሪ ደሃር ላይ የታየችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የከተማ ትንኝ በደረቁ ወቅት በድሬዳዋ ወረርሽኝ አስነሣች፤ ከተጠቁት መካከል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይገኙበታል። ይህችም ትንኝ በሰው እጅ በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ትራባለች። ተመራማሪዎች በዚያ ወረርሽኝ በፈጣን መመርመሪያው የማይያዙና መድኃኒትን ሊቋቋሙ የሚችሉ የወባ ተሕዋስያን መኖራቸውን አሳዩ። ስለዚህ መመርመሪያው «ወባ የለም» ባለበት ሰዓት በሽተኛው ግን እየቃዠና እየከበደ ከሄደ፣ ለመመርመሪያው ብለን ሰውን አንተው።

በእነዚህ ዓመታት በአገራችን መልካም ነገርም ሆኗል። የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስቶች ትምህርት በ2003 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተጀምሯል፤ በድንገተኛና በጽኑ ሕሙማን እንክብካቤ የሠለጠኑ ነርሶችም እየወጡ ነው። የድሬዳዋዎቹ ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታልና ሳቢያን ሆስፒታል ከከተማው አልፈው ለዙሪያው ቆላ ነዋሪ የሚደርሱ ናቸው። ከሁርሶና ከሌሎቹ ስፍራዎች የሚነሣ በሽተኛ እዚያ የሚደርስበት ሰዓት ግን የሚወሰነው በመኖሪያ ቤቱና በጤና ጣቢያው ደጃፍ ነው።

ከቩንደርሊሽ ነጥቦች ጀምሮ እስከ ዛሬ በድሬዳዋ ያየነው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይመራል። አካል ከመውደቁ በፊት ይናገራል። የሚጎድለው አድማጭ ነው፤ አድማጭም ቢኖር የሰማውን ሳይፈራ የሚናገርበት ሥርዓት ነው። ስለዚህ ነርሷ ትንፋሽን በዓይን ገምታ 20 ብላ አትጻፍ፤ ሙሉ ደቂቃ ትቁጠር። በፈረቃ ርክክብ ላይ የአልጋ ቁጥር ብቻ ሳይሆን «ዛሬ ሌሊት የሚያሳስበኝ ይህ ነው» የሚለው ይነገር። ሐኪሙም በሌሊት የተደወለለትን ጥሪ በቁጣ አይመልስ፤ አንድ ጊዜ የተቆጣት ነርስ ሁለተኛ አትደውልም፤ ያ ያልተደወለው ሁለተኛው ጥሪ ደግሞ የአንድ ቤት ልቅሶ ሊሆን ይችላል። የሆስፒታል ኃላፊዎች ለመጥራት የደፈረችውን ነርስ፣ ስጋቷ ባዶ ሆኖ ቢገኝም፣ ያመስግኗት።

አንተ አስታማሚ፣ አንቺ እናት፣ እናንተም በሁርሶ ሜዳ አብራችሁ የምትሮጡ ወጣቶች፣ ከሁሉ ቀድማችሁ የምታዩት እናንተ ናችሁ። ትኩሳቱ ሲወርድ ፈጣሪን አመስግኑ፤ ከዚያ እግሩን ንኩ። ከቀዘቀዘ፣ ሆዱን ካመመው፣ ካስመለሰው፣ ሽንት ካቆመ፣ ከፈዘዘ፣ ላብ ወጣለት ብላችሁ አትተኙ። ተነሡና «ሲስተር፣ ነይ እይው» በሉ።